ከሰባራ ድልድይ እስከ ብሩክሊን፦ ከእናቴ ጋር አራት ቀን

ቀን 1፣ ዓርብ

እናቴ ከሞጣ ከመጣች ሦስት ወር ሊሆናት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያለውን የምኖርበትን ሲልቨር ስፕሪንግን ቶሎ ለመደችው፣ ቶሎም ሰለቻት። ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ሐበሻ ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት። አንድ ማታ ቡና እየጠጣን «እስቲ ኒውዮርክ ልውሰድሽ» አልኳት።

«ኒውዮርክ ምን አለ?»

ስልኬን አውጥቼ የብሩክሊን ድልድይን ፎቶ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። ሁለቱን የድንጋይ ማማዎች በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻቸው። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ።

«ስንት ሰው በላ?»

መልሱን አላውቀውም ነበር። ድልድዩን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተሻግሬዋለሁ። ሁለቴም ፎቶ ተነሥቼ ነው የተመለስኩት። ማን እንደሠራው እንኳ ጠይቄ አላውቅም። እማዬ ግን እንዲህ የምትጠይቅበት ምክንያት አላት። ልጅ ሆና ዓባይን የተሻገረችው በገመድ ተንጠልጥላ ነው።

ሰባራ ድልድይን የሞጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር። በጣልያን ወረራ ጊዜ ፈረሰ፣ ስሙም ሰባራ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። ወዲህ ያሉት ይለቃሉ፣ ወዲያ ያሉት ይጎትታሉ። ከሥር ዓባይ ነው። እማዬ በ11 ዓመቷ ከአያቴ ጋር ዘመድ ጥየቃ ስትሄድ እንደዚያ ተሻግራለች። ዛሬም ስታወራው ሳታስበው እጇ ወገቧ ላይ ያርፋል።

አውቶቡሱ 4 ሰዓት ተኩል ይፈጃል ተብሎ 6 ሰዓት ፈጀ። ዳቦ ቆሎ ይዛ ስለነበር አልተራብንም። ብሩክሊን የአክስቴ ልጅ ቤት ሻንጣችንን ጥለን፣ ሳይመሽ ዳምቦ ወደሚባለው ሰፈር ወረድን።

እዚህ ሰፈር ለሚሄድ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ዋሽንግተን ስትሪት ላይ፣ በቀይ የጡብ ሕንጻዎች መሐል ሰው ሁሉ እየተጋፋ ፎቶ የሚነሣበት የብረት ድልድይ ብሩክሊን ድልድይ አይደለም። ማንሃተን ድልድይ ነው። በ1909 የተከፈተ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። እኔም በፊት ተሳስቼ እዚያው ተነሥቼ፣ ለዘመድ ሁሉ «ብሩክሊን ድልድይ» ብዬ ልኬ ነበር። ትልቁ ድልድይ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው፤ ማማዎቹ የድንጋይ ናቸው።

ወንዙ ዳር ደረስን። ኢስት ሪቨር በስሙ ወንዝ ይባል እንጂ የባሕር ሰርጥ ነው። ውኃው ከባሕሩ ጋር ይመጣል፣ ከባሕሩ ጋር ይሄዳል። ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት ብሩክሊንና ኒውዮርክ ሁለት የተለያዩ ከተሞች ነበሩ። የተዋሐዱት በ1898 ነው። መሻገሪያው ጀልባ ብቻ ነበር። በ1866 መጨረሻ የገባው ብርድ ግን ውኃውን በረዶ አደረገውና ጀልባዎቹ ቆሙ። ለሥራ የሚሻገረው ሕዝብ ተንገላታ። «ድልድይ ይሠራ» የሚለው ጩኸት የበረታው ያኔ ነው።

ሥራው የተሰጠው ለጆን ሮብሊንግ ነው። ጀርመን አገር የተወለደ፣ በ1831 አሜሪካ የገባ ስደተኛ መሐንዲስ ነው። ሽቦ እየገመደ የብረት ገመድ የሚሠራ ፋብሪካ ነበረው። ናያጋራ ላይና ሲንሲናቲ ላይ ተንጠልጣይ ድልድይ ሠርቷል። በሰኔ 1869 አሁን እኛ በቆምንበት አካባቢ፣ የፉልተን ጀልባ መድረሻ ላይ ቆሞ ማማው የሚተከልበትን ቦታ ሲለካ፣ የምትጠጋ ጀልባ እግሩን ጨፈለቀችው። ጣቶቹ ተቆረጡ። ሐኪም አልሰማም ብሎ ቁስሉን በውኃ ብቻ ማከም ያዘ። ሦስት ሳምንት ተኩል ያህል ቆይቶ በመንጋጋ ቆልፍ ሞተ። ሥራው ገና አልተጀመረም።

እማዬ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ የቀኝ እጇን ትንሿን ጣት አጠፈች።

«አንድ» አለች።

ቀን 2፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሰው ሳይበዛ ወጣን። ከዳምቦ በኩል በደረጃ ይወጣል። የእማዬ ጉልበት ስለሚያማት ቀስ ብለን ነው የወጣነው። ላይ ሲደርሱ የእግረኛው መንገድ መሐል ለመሐል ነው፣ ከመኪናው ከፍ ብሎ። ወለሉ ሳንቃ ነው። በግራም በቀኝም ከሥር መኪና ይከንፋል፣ ሳንቃው እግር ሥር ድርር ይላል። ብስክሌት ከ2021 ጀምሮ ወደ ታች ወርዶ የራሱ መንገድ ተሰጥቶታል። ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ድልድዩ ላይ መሸጥ ተከልክሏል። እኔ የማስታውሰው ግፊያ የለም። ለአዛውንት ሰው አሁን ነው መሄድ።

እማዬ ነጠላዋን አጥብቃ፣ ክንዴን ይዛ ጀመረች። ሁለት ሦስቴ ቁልቁል አየችና ተወችው። ከዚያ በኋላ ዓይኗ ሽቦው ላይ ነበር። አራት ዋና ገመዶች አሉ። አንዱ ገመድ ውስጥ 5,434 ሽቦ አለ። የአንዷ ሽቦ ውፍረት ከእርሳስ አይበልጥም። ከማማዎቹ አናት ሌሎች ገመዶች ደግሞ በሰያፍ ወርደው መንገዱን ይይዙታል። ተራ በተራ ከላይ ከሚወርዱት ጋር ሲጠላለፉ የሸረሪት ድር ይመስላሉ። ለውበት የተደረገ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ዋናው ገመድ ችግር ቢገጥመው መንገዱ ይርገብ እንጂ እንዳይወድቅ ብሎ ነው ጆን ሮብሊንግ በሥዕሉ ላይ ያስገባቸው።

ማማው ጋ ስንደርስ መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ በቅስቶቹ ሥር ያልፋል። ቅስቶቹ ጫፋቸው ሾል ያለ፣ የድሮ ካቴድራል በር የሚመስሉ ናቸው። እማዬ ቆመች። እጇን ዘርግታ መዳፏን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። ጠዋት ስለሆነ ቀዝቅዟል። የቤተ ክርስቲያን በር እንደምትሳለም ግንባሯን የምታስጠጋ መስሎኝ ነበር። አላደረገችውም። «ይሄ ሁሉ ድንጋይ የቆመው ምን ላይ ነው?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ ተዘጋጅቼ ነበር። ማታ ቁጭ ብዬ ሳነብ ነው ያደርኩት። የድልድዩ ትልቁ ታሪክ ያለው የማይታየው ቦታ ላይ ነው።

አንድ ትልቅ የእንጨት ሳጥን አስቡ። ርዝመቱ 51 ሜትር፣ ወርዱ 31 ሜትር። ክዳን አለው፣ ወለል የለውም። ብርጭቆ ገልብጣችሁ ውኃ ውስጥ ስትከቱት አየሩ ውስጡ እንደሚቀር ማለት ነው። ኬሶን ይባላል። ወንዙ ውስጥ ያስቀምጡትና ውኃ እንዳይገባ ከላይ የታመቀ አየር ይሞሉበታል። ሰዎች ውስጡ ገብተው የወንዙን ወለል ይቆፍራሉ። ከላይ ደግሞ ግንበኞች ማማውን ይገነባሉ። ሥሩ እየተቆፈረ፣ ላዩ እየከበደ፣ ሳጥኑ ከነሰዎቹ ወደታች ይሰምጣል። የብሩክሊኑ 13 ሜትር ተኩል ያህል ወረደ። የማንሃተኑ 24 ሜትር። ቆፋሪዎቹ አብዛኞቹ አይሪሽ፣ ጀርመንና ጣልያን ስደተኞች ነበሩ። የቀን ክፍያቸው መጀመሪያ 2 ዶላር ነበር። ውስጡ ሙቀት ነው፣ ጭቃ ነው፣ ብርሃኑ ሻማና ፋኖስ ነው። አየሩ ከመታመቁ የተነሣ የሰው ድምፅ ይቀጥናል።

የሚገድላቸው ደግሞ ሲወጡ ነው። በታመቀ አየር ውስጥ ብዙ የቆየ ሰው ቶሎ ወደ ውጭ ከወጣ፣ ደሙ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን አረፋ ይሆናል። ልክ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው። መገጣጠሚያን ይሰነጥቃል፣ ያሽመደምዳል፣ ይገድላል። ያኔ ምክንያቱን በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። «የኬሶን በሽታ» ብለው ጠሩት። ቀስ ብሎ መውጣት ብቻ ያድናቸው ነበር።

ማንሃተን በኩል 24 ሜትር ላይ ሲደርሱ ዓለቱ ገና ነው። ከዚያ በታች ቢቀጥሉ ብዙ ሰው እንደሚያልቅ ግልጽ ሆነ። ከሮብሊንግ ሞት በኋላ ሥራውን የያዘው አዲሱ ዋና መሐንዲስ አፈሩን መርምሮ፣ አሸዋው ለዘመናት ሳይነቃነቅ የቆየና የጠጠረ ነው አለ። ማማው እዚያው አሸዋው ላይ እንዲቆም ወሰነ። በዓለት ላይ ስለተሠራ ቤትና በአሸዋ ላይ ስለተሠራ ቤት ስትሰማ ላደገችው እናቴ ይሄ አልተዋጠላትም። «አሸዋ ላይ?» አለች። ሁለቴ አስደገመችኝ። እኔ ግን ይሄን ውሳኔ እጅግ አከብረዋለሁ። ሰው እንዳይሞት ብሎ መቆፈር ያቆመ መሐንዲስ ነው። ማማውም ከ140 ዓመት በላይ ቆሟል። እንጨቱ ሳጥንም በሲሚንቶ ተሞልቶ ዛሬም ከሥር እንዳለ ነው።

በጠቅላላው ሥራ ላይ ቢያንስ 20 ሰው ሞቷል። የወደቀ አለ፣ ድንጋይ የተጫነው አለ፣ የተሸመደመደ አለ። ነገርኳት። እማዬ ጣቶቿን ማጠፍ ተወች። «ስማቸው ተጽፏል?» አለች።

ማማው ላይ የነሐስ ጽሑፎች አሉ። ዞሬ አነበብኩ። የባለሥልጣናትና የመሐንዲሶች ስም አየሁ። የቆፋሪዎቹን አላየሁም። እንደዚያው ነገርኳት። አማተበችና «ነፍስ ይማር» አለች፣ ወደ ውኃው እያየች።

መሐሉ ላይ ደርሰን ቆምን። በሁለቱ ማማዎች መሐል 486 ሜትር ነው። ሲከፈት በዓለም ረጅሙ ተንጠልጣይ ድልድይ ነበር። እዚህ ጋ የፋሪንግተንን ነገር አወራኋት። ማማዎቹ ካለቁ በኋላ፣ በነሐሴ 1876 የመጀመሪያው የብረት ገመድ ተዘረጋ። ሠራተኞቹ ገመድ ላይ ለመውጣት እንዳይፈሩ የሥራ ኃላፊው ፋሪንግተን ራሱ ቀድሞ ሊሻገር ተነሣ። 60 ዓመት ገደማ ነው። እንደ ዥዋዥዌ በተንጠለጠለች አንዲት ሳንቃ ላይ ተቀመጠ። ጎተቱት። ከሥር በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይጮኻል፣ እሱ ባርኔጣውን ያውለበልባል።

እማዬ ይሄን ስትሰማ ፊቷ በራ። «ሳንቃ ነበረው?» አለች። «እኛ እኮ ሳንቃም የለን። ገመድ ብቻ ነው። ወገቤ ላይ ሦስት ጊዜ ጠመጠሙት። አባቴ ከማዶ ሆኖ ‹ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ› ይለኛል። እኔ ግን አልጨፈንኩም። ውኃውን አየሁት። ቡናማ ነው።» ይሄን የመጨረሻውን ከዚህ በፊት ነግራኝ አታውቅም። የ40 ዓመት ልጇ ነኝ፣ ታሪኩን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ዓይኗን ገልጣ እንደነበር ግን የሰማሁት ኢስት ሪቨር ላይ ነው።

ቀን 3፣ እሑድ

ቅዳሴ አስቀድመን፣ ምሳ በልተን፣ ከሰዓት ብሩክሊን ሃይትስ ሄድን። ከወንዙ ከፍ ብሎ የተሠራ የእግር መንገድ አለ። አግዳሚ ወንበር ሞልቷል። ድልድዩ በስተቀኝ ይታያል። ከጀርባው ያለው መንገድ ኮሎምቢያ ሃይትስ ይባላል። እኔ ወደዚህ የመጣሁት ለአንድ መስኮት ስል ነው።

ጆን ሮብሊንግ ሲሞት ሥራውን የተረከበው ልጁ ዋሽንግተን ነው። 32 ዓመቱ ነበር። አሸዋው ላይ እናቁም ያለው እሱ ነው። ቆፋሪዎቹን ልኮ ውጭ የሚቆም አለቃ አልነበረም። በታኅሣሥ 1870 የብሩክሊኑ ኬሶን ጣሪያ ውስጥ ለውስጥ ሲቃጠል ሌሊቱን ሙሉ ከሥር ሆኖ ሲታገል አደረ። በ1872 በዚያው በሽታ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሰውነቱ አልታዘዝ አለው። ዓይኑ ደከመ፣ ጫጫታ አልችል አለ። ከዓመታት በኋላ በዚህ መንገድ ላይ በነበረው ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ በሩቅ ማያ መነጽር እያየ ድልድዩን አሠራ።

መነጽር ግን ሠራተኛን አያዝም። ያንን ያደረገችው ባለቤቱ ኤሚሊ ናት። መጀመሪያ የሚናገረውን ትጽፍ ነበር። ከዚያ ሒሳቡን ተማረች፣ የብረት ጥንካሬ ተማረች፣ የገመድ አሠራር ተማረች። ትእዛዙን ይዛ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሥራው ቦታ ትሄዳለች። የመሐንዲሶቹን ጥያቄ ትቀበላለች፣ ትመልሳለች። ዋናው መሐንዲስ እሷ ናት እንዴ ብለው የጠረጠሩ ነበሩ። ይሄ አሥር ዓመት ያህል ቆየ። በ1882 የድልድዩ ቦርድ አባላት «የማይታይ መሐንዲስ ምን ያደርግልናል» ብለው ዋሽንግተንን ሊያነሡት ድምፅ ሰጡ። 10 ለ 7 ተረፈ።

ሌላም መከራ ነበር። ሽቦውን የሚያቀርበው ሎይድ ሄግ የሚባል ነጋዴ አጭበረበረ። የተመረመረውን ጥሩ ሽቦ መንገድ ላይ በመጥፎ ይለውጥ ነበር። በ1878 ሲነቃበት መጥፎው ሽቦ ገመዱ ውስጥ ተገምዷል፣ ማውጣት አይቻልም። ዋሽንግተን አሰላው። ድልድዩ የተነደፈው ከሚያስፈልገው 6 እጥፍ እንዲጠነክር ተደርጎ ነው፣ ስለዚህ ይችላል አለ። በእያንዳንዱ ገመድ 150 ያህል ሽቦ አስጨመረበት። መጥፎው ሽቦ ዛሬም እዚያው ውስጥ አለ። ትናንት ከሥሩ አልፈናል። አባትየው አብዝቶ ባይጠነቀቅ ኖሮ የሌባው ድርሻ ድልድዩን ይጥለው ነበር። አገራችን ውስጥ ሲሚንቶ ስለሚሰርቅ ተቋራጭ ስንሰማ ለኖርን ሰዎች ይሄ ሩቅ ወሬ አይደለም።

ድልድዩ ሊመረቅ ሲል በሠረገላ መጀመሪያ የተሻገረችው ኤሚሊ ናት። ጭኗ ላይ አውራ ዶሮ ይዛ ነበር፣ የድል ምልክት ነው ብለው።

«አውራ ዶሮ?» እማዬ ሳቀች። «ታዲያ አላረዱትም?»

የተመረቀው ግንቦት 24 ቀን 1883 ነው። በእኛ 1875 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም። ፕሬዚዳንት ቼስተር አርተር በእግሩ ተሻገረ፣ ከዚያም እዚሁ ሰፈር መጥቶ የታመመውን መሐንዲስ ጨበጠው። በመጀመሪያው ቀን 150 ሺህ ያህል ሰው ተሻግሯል። ክፍያው በእግር ለሚሄድ 1 ሳንቲም ነበር። ሳምንት ሳይሞላው አንዲት ሴት ደረጃ ላይ ወደቀች፣ ሰው ጮኸ፣ ድልድዩ ሊወድቅ ነው ተብሎ ሕዝቡ ተራገጠ። 12 ሰው ሞተ። በዓመቱ ባርነም የተባለው የሰርከስ ባለቤት 21 ዝሆኖች አሻገረና ሰው ልቡ ዐረፈ።

ትናንት ማማው ላይ ፎቶ ያነሣሁትን የኤሚሊን ጽሑፍ ተረጎምኩላት። መጨረሻው «ከእያንዳንዱ ታላቅ ሥራ ጀርባ የአንዲት ሴት ራሷን አሳልፋ የሰጠች ትጋት ይገኛል» ይላል። የተጻፈው በክብር እንደሆነ ይገባኛል። «ጀርባ» የሚለውን ግን አልወደድኩትም። ሴትዮዋ እኮ ሥራው ላይ ነበረች። ጭቃው ላይ ቆማ ነው ስትመልስ የነበረችው።

«ስሟን ድገሚልኝ» አለች እማዬ።

«ኤሚሊ።»

«ኤሚሊ» አለች፣ ቀስ ብላ። እስኪመሽ እዚያው ወንበር ላይ ቆየን።

ቀን 4፣ ሰኞ

አውቶቡሳችን ከሰዓት ስለነበር ጠዋት ማንሃተን በኩል ያለውን የድልድዩን እግር ለማየት ሄድን። መግቢያው ሥር ትላልቅ የድንጋይ ቅስቶች አሉ። ውስጣቸው ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ድሮ ለወይን ጠጅ ነጋዴዎች ይከራዩ ነበር። በ2006 ደግሞ አንዱ ክፍል ተከፍቶ፣ ኑክሌር ጦርነት ቢመጣ ተብሎ የተከማቸ ብርድ ልብስ፣ መድኃኒትና ብስኩት ተገኝቷል። ካርቶኖቹ ላይ 1957 እና 1962 የሚል ተጽፎባቸዋል። ለሕዝብ ክፍት አይደለም። ከውጭ አይተን ሄድን።

አውቶቡሱ ውስጥ እማዬ ስልኬን ተቀብላ ሞጣ ያለችውን ታናሽ እህቷን ደወለችላት። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ጮክ ብላ ነው የምታወራው። ፊት ለፊት ያሉት ሰዎች ዞረው አዩን፣ ግድ አልሰጣትም። የታጠፉትን ጣቶች ነገረቻት። አሸዋውን ነገረቻት። ኤሚሊን «አሚለ» ብላ ጠርታ፣ ባሏ የታመመባት፣ ሒሳብ የተማረች ሴት ብላ ነገረቻት። አውራ ዶሮውንም አልረሳችም። ከዚያ አክስቴ የሆነ ነገር ጠየቀቻት መሰለኝ፣ ትንሽ ዝም ብላ አዳመጠች።

«አዎ፣ በእግሬ» አለች። «ከጫፍ እስከ ጫፍ። የለም። ማንም አልጎተተኝም።»